የሌሊት ምስክር፦ ከጎንደር አደባባይ እስከ መርካቶ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የክረምት ማለዳ፣ በአዲስ ከተማ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ የአንድ ነጋዴ ቤት ግድግዳ እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ቤቱ ከፊቱ ሱቅ፣ ከበስተኋላው መኖሪያ ያለው፣ በመርካቶ ዙሪያ ገና ካልፈረሱት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነው። ሌሊቱን ሌባ ግድግዳውን ሊሰረስር ሞክሮ ሥራውን ሳይፈጽም ቀርቷል። እኔ የተጠራሁት ነገሩን እንድመረምር አልነበረም፤ ግድግዳው ተጠግኖ ይቆይ እንደሆነ ወይም ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ እንደሆነ እንድናገር ብቻ ነበር።

ስደርስ ግን ስለ ግድግዳው የሚናገር ሰው አላገኘሁም። ወሬው ሁሉ ስለ ዘበኛው ነበር። ዘበኛው ዕድሜያቸው የገፋ፣ በዚያ ግቢ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ሲሆኑ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወስደዋል። ሦስት ምስክሮች ተገኝተውባቸዋል። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት በርበሬ ነጋዴ እናት ድጅኖ ይዘው ከግድግዳው ሥር ቆመው በዓይኔ አይቻለሁ አሉ። በረንዳ ላይ የሚያድር አንድ ወጣት ተሸካሚ ደግሞ የመቆፈሩን ድምፅ ከግቢው ውስጥ ሲመጣ ሰማሁ አለ። ሦስተኛው የጎረቤት ሱቅ ጠባቂ፣ ዘበኛው እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል አለ። ባለቤቱም ወደ እኔ ዞረው፣ «ኢንጂነር፣ ሰው እጁ ላይ እየተያዘ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» አሉኝ። እኔም በልቤ፣ በእርግጥ ሌላ ምን ይፈለጋል ብዬ እንደ ነበረ አልሸሽግም።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ስለ አንድ የታሪክ ጉዳይ እንድጽፍ በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ያ ማለዳና የባለቤቱ ጥያቄ ከሁሉ ቀድመው ትዝ አሉኝ። ስለዚህም የሌሊት ሌባንና የሌሊት ምስክርን ነገር ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሬ ለመከታተል ሞከርሁ። ጉዳዩ የሕግ ሰዎች ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ ንባቡን እስኪፈጽም እንዲታገሠኝ እለምናለሁ፤ ምስክርነት መለካት የሚቻል ነገር ነውና።

የፊት መለያ ብርሃን

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የምስክሮችን ቃል በብዛት ጽፎ ያቆየልን የለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ችሎት ነው። በዚያ የሚሰማው የክርክር ዘገባ እ.ኤ.አ. ከ1674 ጀምሮ እየታተመ ለሕዝብ ይሸጥ ነበር፤ ኅትመቱም እስከ 1913 ዘልቋል። በእነዚያ ገጾች ላይ ዳኞችና ተከራካሪዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። በሩን መጨረሻ የዘጋው ማን ነው? መቀርቀሪያው በየት በኩል ነበር? መስኮቱ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል? ሻማ ይበራ ነበርን? ጨረቃስ ነበረችን?

ብርሃኑ እንዲህ አጥብቆ የሚጠየቅበት ምክንያት ነበረው። በእንግሊዝ ሕግ በሌሊት ቤት ሰብሮ መግባት ሞት የሚያስፈርድ ወንጀል ሲሆን፣ በቀን ከተፈጸመው በተለየ ስም ይጠራ ነበር። ታዲያ ሌሊት የሚባለው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? ዊልያም ብላክስቶን እ.ኤ.አ. ከ1765 እስከ 1769 ባሳተመው የሕግ ማብራሪያው የሰጠው መለኪያ ሰዓት አይደለም። በቀን ብርሃን ወይም በንጋትና በምሽት ወገግታ የሰውን ፊት ለይቶ ማወቅ እስከተቻለ ድረስ ሌሊት አልሆነም ይላል፤ የጨረቃ ብርሃን ግን አይቆጠርም። ነገሩን ልብ ላለው ሰው በዚህ ውስጥ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ወንጀሉ በሌሊት ተፈጸመ እንዲባል ፀሐይ ፊት የማታሳይበት ጊዜ መሆን አለበት። ወንጀለኛው እገሌ ነው እንዲባል ደግሞ ምስክሩ ፊቱን ማየት አለበት። ስለዚህ የአንድ ሰው ሕይወት በአንዲት ሻማ ወይም በጨረቃ ብርሃን ላይ ተንጠልጥላ ትቀር ነበር።

በዚያው ዘመን ከተሰሙት ጉዳዮች አንዱ ለመርካቶው ግድግዳ የቅርብ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 ሂዩዝ የተባለ ሰው ከግብረ አበሮቹ ጋር በአንድ መኖሪያ ቤት በር ላይ፣ በመቀርቀሪያው አጠገብ፣ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጥቶ ተገኘ። ከቀዳዳው የወጣው የእንጨት ፍቅፋቂ በቤቱ ውስጥ ወድቆ ታይቷል። ፍቅፋቂው ውስጥ ከተገኘ የመሰርሰሪያው ጫፍ ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። የሕጉ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ለመስበር ብቻ የተሠራበት መሣሪያ ጫፉ ስለ ገባ ሰውየው ገባ ይባላልን? ዳኞቹ አይባልም ብለው ወሰኑ። መሣሪያው የገባው በር ለመክፈት እንጂ ዕቃ ለማውጣት አልነበረምና፣ መስበር እንጂ መግባት አልተፈጸመም ተባለ። በጥቂት ፍቅፋቂ ላይ የተደረገ ክርክር ሰዎችን ከመሰቀል አዳነ።

ይሁን እንጂ የለንደን ምስክር ሁሉ ፍቅፋቂውን ያህል የታመነ አልነበረም። በ1692 የመንገድ ዘራፊ ይዞ ላስፈረደ ሰው 40 ፓውንድ ሽልማት በሕግ ተወሰነ፤ በኋላም ሽልማቱ ቤት ሰባሪን ያስያዘውንም እንዲጨምር ተደረገ። ገንዘቡ ሌባ አዳኝ ነኝ የሚል ወገን ፈጠረ። ከእነዚህ ዋነኛው ጆናታን ዋይልድ፣ ራሱ የሌቦች አለቃ ሆኖ ሳለ ሌቦችን እያስያዘ ሲኖር፣ በ1725 ተሰቀለ። በ1754 ደግሞ የማክዳንኤል ወገን የሚባሉት፣ ለሽልማቱ ሲሉ ወጣቶችን ወደ ወንጀል እየገፋፉ ራሳቸው ምስክር ይሆኑባቸው እንደ ነበረ ተደረሰባቸው። ምስክርነት ዋጋ ሲወጣለት የሚመረተውም ለገበያ ነው።

ያው ክፍለ ዘመን በሌላ በኩል የቁልፍ ሥራ ያደገበት ዘመን ነው። ሮበርት ባሮን በ1778፣ ጆሴፍ ብራማ በ1784 አዳዲስ የቁልፍ አሠራሮችን በስማቸው አስመዘገቡ። ብራማ ቁልፉን በሱቁ መስኮት አንጠልጥሎ፣ ይህን የሚከፍት ሰው 200 ጊኒ ይቀበላል ብሎ ጻፈበት። ከ60 ዓመት በላይ ማንም ሳይከፍተው ቆይቶ፣ በ1851 አሜሪካዊው ሆብስ በ16 ቀን ውስጥ በጠቅላላው 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው። ሌባው ሁልጊዜ ከመሐንዲሱ ጋር ይማራል ለማለት የሚያስደፍር ታሪክ ነው።

የጎንደር አደባባይ

በዚያው ክፍለ ዘመን በእኛ አገር ዋና ከተማዋ ጎንደር ነበረች። የአገራችን የፍርድ ክርክር በቃል የሚካሄድ፣ በቃልም የሚፈጸም ስለ ነበረ፣ የለንደኑን የመሰለ የሌባ ክስ መዝገብ አልተወልንም። ይህ ማለት ግን ምስክር አይጻፍም ነበር ማለት አይደለም። በጎንደርና በአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬትና የቤት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ ከነዋጋው፣ ከነዋሱና ከነእማኙ ተጽፎ ይገኛል። ዶናልድ ክራሚን የመሳሰሉ የታሪክ ተመራማሪዎች በእነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ላይ ሰፊ ሥራ ሠርተዋል። እንግዲህ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው ቃል ተጽፎ ሲኖር፣ ቤቱን ማን እንደሰረሰረው የሚመሰክረው ቃል ከአደባባዩ ጋር ተበትኖ ቀርቷል።

ሕጉ ግን አለ። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በተባለው ግብጻዊ ሊቅ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ፣ በኋላ ወደ ግዕዝ ተመልሶ፣ በዘመነ ጎንደር ዋናው የፍርድ መጽሐፍ ነበር። ከዚያም ጋር የኦሪት ሕግ በሊቃውንቱ አፍ ይኖር ነበር። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 ቤት ሲሰረስር የተገኘ ሌባ ቢመታና ቢሞት ደሙ እንደማይፈለግ፣ ፀሐይ ከወጣችበት በኋላ ከሆነ ግን እንደሚፈለግ ያዛል። አንባቢ እዚህ ላይ ብላክስቶንን ሳያስታውስ አይቀርም። በሁለቱም ዘንድ ሌሊቱን ከቀን የሚለየው ማየት መቻልና አለመቻል ነው። በቀን ሌባውን ለይቶ ማወቅ፣ ምስክር መጥራትና መያዝ ይቻላልና፣ መግደል ምክንያት አይኖረውም።

በጎንደር ከ1770 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ አደባባዩ የጻፈው የሚያስገርም ነው። በቤተ መንግሥቱ ደጅ ጃንሆይ እያለ ፍርድ የሚለምን ሰው ከጧት እስከ ማታ እንደማይጠፋ ይናገራል። በክረምት ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆርጦ ባለጉዳይ የቀረ እንደሆነም፣ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው እየተከፈላቸው የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ ይላል። ያልተበደለው እንደ ተበደለ መጮኹ ለንጉሥ ክብር የተደረገ ሥርዓት ነው ቢባልም፣ የምስክርን ነገር ለሚያስብ ሰው ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሌባው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ የሚሠራበት ሥርዓት አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነበር። ስርቆት ወይም ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ሲያመለክት፣ የዚያ አገር ነዋሪ በሙሉ ተጠርቶ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻው ይታጎላል፤ ስንቁም ከየራሱ ነው። ሽማግሎች እየተቀመጡ ሕዝቡን ያስምላሉ። የሚያውቀውን በግልጽ ለመናገር የሚፈራም ወፍ ነገረችኝ ብሎ ስሙን ሳያወጣ ጥቆማውን የሚያደርስበት መንገድ ነበረው። ወንጀለኛው ጨርሶ ካልታወቀ ደግሞ ዕዳውን የአገሩ ሰው ተካፍሎ ይከፍላል።

የዚህን ሥርዓት ጥበብ ማቃለል አይገባም። መቶ ሰው የተበተነ ዕውቀት አለው። አንዱ በጧት ያልታወቀ የበቅሎ ኮቴ አይቷል፤ ሌላው ውሻው በየት በኩል እንደ ጮኸ ያውቃል፤ ሦስተኛው ያለ ገበያ ቀን ጨው የገዛ ሰው ታዝቧል። እነዚህን ቁርጥራጮች በአንድ ቦታ ማሰባሰብ ዛሬም የማንኛውም ምርመራ መጀመሪያ ነው። ጉድለቱ ግን ከጥበቡ ጋር አብሮ የተሠራ ነበር። የሚታጎለው እርሻና የሚከፈለው ዕዳ በየቀኑ ሲከብድ፣ ጉባኤው እውነተኛውን ሰው ከመፈለግ ይልቅ ሁሉንም ወደ ቤቱ የሚመልስ አንድ ስም ወደ መፈለግ ያዘነብላል። ያ ስም ደግሞ ዘመድ የሌለው፣ መጻተኛው፣ ዋስ የማያገኘው ሰው ስም ይሆናል። በለንደን ሽልማቱ ምስክሩን እንዳበላሸ ሁሉ፣ በዚህ ደግሞ ዕዳው ሊያበላሸው ይችላል።

መሐንዲሱና ሌባ ሻዩ

ከአፈርሳታ ሌላ የነበረው መንገድ ሌባ ሻይ ነው። ሌባ ሻይ ማለት ሌባ ፈላጊ ማለት ሲሆን፣ ፈላጊው ዕድሜው ያልደረሰ ብላቴና ነው። የተሰረቀበት ቤት ይወሰድና ከዕፅ የተቀመመ ነገር በወተት ይጠጣል፤ ጥምባሆም ያጨሳል። ራሱን ሲስት በወገቡ መቀነት ታስሮ፣ የመቀነቱን ጫፍ አለቃው ይዞት፣ ከቤት ወደ ቤት ይሮጣል። በመጨረሻ በደጁ ወይም በአልጋው ላይ የወደቀበት ሰው ሌባው እርሱ ነው ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ስለዚህ ነገር ጽፈዋል፤ ልማዱም አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቆ ቆይቷል።

ለእኛ ይበልጥ የሚስበው ግን በአውሮፓ ተጽፎ የተሰራጨው ምስክርነት ባለቤቱ መሐንዲስ መሆኑ ነው። አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1854 በስዊስ ተወልዶ፣ በዙሪክ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ1879 ወደ ሸዋ መጣ። ለምኒልክ ቤት ሠራ፤ ድልድይ ዘረጋ፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገባ፤ የጅቡቲውን ምድር ባቡር ውል አስፈጸመ፤ በመጨረሻም የመንግሥት አማካሪ ሆነ። ይህ ሰው ስለ ሌባ ሻይ ተናገረ ተብሎ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታተመው ወሬ ሦስት ታሪክ ይዟል።

አንደኛው በአዲስ አበባ ቤት ስላቃጠለ ሰው ነው። ብላቴናው መድኃኒቱን ከጠጣ በኋላ ተነሥቶ ወደ ሐረር አቅጣጫ 16 ሰዓት ሳያርፍ ሮጦ፣ ሐረር አጠገብ ሲደርስ ከመንገድ ወጥቶ በእርሻ ላይ ያለ አንድ ሰው ነካ፤ ሰውየውም አመነ ይላል። ሁለተኛው ኢልግ ራሱ የተከታተለው የተባለ የግድያና የዘረፋ ጉዳይ ነው። ብላቴናው ግድያው ከተፈጸመበት ሥፍራ ተነሥቶ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ፣ ውኃ ሲሻገር ነቅቶ፣ እንደገና ጠጥቶ፣ በአንድ ጎጆ ደጅ ተኛ። ባለጎጆው ተይዞ የሟቹ ዕቃ ከቤቱ ተገኘ፤ ከግድያው በኋላም ተጸጽቶ ሁለቱን አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ እንደ ነበረ ተናገረ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ያደረጉት ፈተና ነው። የእቴጌይቱን ጌጥ ራሳቸው ደብቀው ሌባ ሻይ አስጠሩ። ብላቴናው በእቴጌይቱ ክፍል፣ ከዚያም በሌሎች ክፍሎች ዞሮ፣ በመጨረሻ በንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ላይ ወደቀ።

እስቲ ይህን ምስክርነት የዲዛይን ስሌት እንደምንመረምር እንመርምረው። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለ16 ሰዓት ቢካፈል በሰዓት 22.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሲፈጽም ፍጥነቱ በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር ነበር። አበበ በዚያው ፍጥነት ሳያርፍ ሳይተነፍስ 16 ሰዓት ቢሮጥ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ተራራውንና ሸለቆውን ዞሮ የሚሄደውን እውነተኛውን መንገድ ብንወስድማ ርቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ታሪክ፣ ማንም ይናገረው ማን፣ በተባለው መልክ አልሆነም። ኢልግም ይህን አየሁ አላለም፤ አየሁ የተባለለት ሁለተኛውን ነው። ከሰማውና ካየው መካከል ያለውን ልዩነት ግን ወሬው ሲተላለፍ አንባቢው ይዘነጋዋል።

ሁለተኛውን ታሪክ ስንመለከት፣ ጥፋተኛውን ያስረዳው የሟቹ ዕቃ ከቤቱ መገኘቱ ነው። ዕቃው ባይገኝ ኖሮ ደጅ ላይ መተኛት ምን ያስረዳ ነበር? የሦስተኛው መልስ ደግሞ በመቀነቱ ላይ ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1853 በእጅ ሲነካ በራሱ ይንቀሳቀሳል ስለሚባል ጠረጴዛ ምርምር አድርጎ ነበር። በእጅና በጠረጴዛ መካከል በለስላሳ ማጣበቂያ የተያያዙ የወረቀት ንጣፎች አኖረ። ከዚያም በመጀመሪያ የሚንሸራተተው ከእጅ ሥር ያለው ንጣፍ እንጂ ጠረጴዛው አለመሆኑን አረጋገጠ። ሰዎቹ አልዋሹም፤ እየገፉ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። እንዲሁም በበርሊን ሒሳብ ያውቃል የተባለለትን ሐንስ የተባለ ፈረስ ኦስካር ፕፉንግስት መርምሮ፣ ፈረሱ መልሱን የሚያነበው ከጠያቂው የራስና የፊት እንቅስቃሴ መሆኑን በ1907 አስታወቀ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ ሲቀር ፈረሱም አያውቅም። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጌጡ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ እርሱም ንጉሠ ነገሥቱ ነው። ሁሉም ዓይን የሚያርፈውም በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ነው። መቀነቱን የያዘው አለቃም ዓይን አለው።

ነገሩን በሳቅ ማለፍ ግን አይገባም። ሌባ ሻይ የወደቀበት ደጅ ባለቤት የሚያሳየው የሒሳብ ወረቀት አልነበረውም። ጎረቤቱ ሁሉ ዓይቷል። የተሰረቀውን ይከፍላል፤ ወይም ይታሰራል፤ ስሙ ግን ከፍሎም ቢሆን አይመለስም።

የማይተዋወቁ ሰዎች ገበያ

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አስቀድሞ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ወራሪው መንግሥት ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛወረ። አዲስ ከተማ የሚለው ስያሜና መርካቶ የሚለው የጣሊያንኛ ቃል የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ገበያው በራሱ ኃይል አደገ። ሸማ ተራ፣ ብረት ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ አሜሪካን ግቢ፣ በርበሬ በረንዳ እየተባለ እያንዳንዱ ሙያና ሸቀጥ የራሱን ሠፈር መሠረተ። ከአገሪቱ ከየማዕዘኑ የመጣ ሰው ጎን ለጎን ነገደ፤ ጎን ለጎንም አደረ።

በእንዲህ ያለ ሥፍራ አፈርሳታ ሊሠራ አይችልም። አፈርሳታ የሚቆመው ሁሉ ሁሉን በሚያውቅበት አገር ነው። መርካቶ ግን ቀን የሞላው ሕዝብ ሲመሽ ወደየሠፈሩ የሚበተንበት፣ ሌሊቱን ዘበኛውና በረንዳ አዳሪው ብቻ የሚቀሩበት ቦታ ነው። ሕጉም ተለወጠ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጡ፣ ጥፋት በሠፈር ላይ የሚከፈል ዕዳ መሆኑ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቆጠር ሆነ። ሌባ ሻይም በችሎት ሥፍራ አላገኘም። ምስክሩ ቀርቦ በመሐላ ይናገራል፤ መስቀለኛ ጥያቄም ይጠየቃል።

ይሁንና ሕግ ከሚለወጥበት ፍጥነት ይልቅ የሰው ልብ ዘግይቶ ይለወጣል። ያን ዕለት ማለዳ በዚያ ግቢ የተሰበሰብነው ሰዎች፣ ሳናውቀው ትንሽ አፈርሳታ ይዘን ነበር። ሁሉም ወደ ሥራው ለመመለስ ቸኩሏል፤ አንድ ስምም ተገኝቷል። ሦስተኛው ምስክር ሁሉም ያውቃል ማለቱ፣ ወፍ ነገረችኝ ከማለት በምን ይለያል?

ወደ ግድግዳው ስንመለስ

ግድግዳው በእንጨትና በማገር የቆመ የጭቃ ምርጊት ሆኖ፣ በውስጥ በኩል በሲሚንቶ ተለስኗል። ጉድጓዱን ለመለካት ተንበረከክሁ። በመንገዱ በኩል አፉ ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ይጠባል። በጭቃው ላይ የቀረው የድጅኖ ጭረት ከመንገዱ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው። ወደ ውስጥ ገብቼ ስመለከት ልስኑ በመዳፍ ስፋት ያህል ብቻ ተሰንጥቆ አብጧል እንጂ አልወደቀም። እንግዲህ የተቆፈረው ከመንገዱ በኩል ነው፤ ከውስጥ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚረግፈው ልስኑ ነበር። ድምፁን ከግቢው ሰማሁ ያለው ወጣትም አልዋሸም፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚያስተጋባ ድምፅ ከየት እንደተነሣ በጆሮ መለየት አስቸጋሪ ነው።

ይህ ግን ዘበኛውን ነፃ አያወጣም። ከመንገድ ቆመው ሊቆፍሩ ይችሉ ነበርና። ስለዚህ ወደ በርበሬ ነጋዴዋ እናት ቤት ተሻግሬ፣ «እማማ፣ ከየት ሆነው አዩ?» አልኋቸው። መስኮታቸውን አሳዩኝ። ከመስኮቱ እስከ ግድግዳው በሜትር ስለካው 23 ሜትር ሆነ። በዚያ ሌሊት መብራት ጠፍቶ እንደ ነበረ ሦስቱም ምስክሮች ይስማማሉ። «ታዲያ ፊታቸውን እንዴት ለዩት?» ስላቸው፣ «ፊቱንማ የት አይቼ፣ ልጄ! በካፖርቱ ነው እንጂ» አሉኝ። በዚያ ተራ የሚያድሩት ዘበኞች ሁሉ አንድ ዓይነት አሮጌ የወታደር ካፖርት ይለብሳሉ። ቀጥዬም፣ «ያዩት ከጩኸቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አልሁ። ጥቂት አሰቡና፣ ያነቃቸው ሌባ የሚለው ጩኸት መሆኑን ነገሩኝ።

ዘበኛው ለፖሊስ የሰጡት ቃል፣ ግቢው ውስጥ ሆኜ ድምፅ ሰማሁ፣ ሌባ ብዬ ጮኽሁ፣ በሩን ከፍቼ ዞሬ ስሮጥ ሰውየው አምልጦ ድጅኖውን ከመሬት አነሣሁ የሚል ነበር። የእማማ ምስክርነት ከዚህ ቃል ጋር አንድም ቦታ አይጋጭም። ያዩት እውነት ነው፤ ሰውየው ዘበኛው ናቸው፤ በእጃቸው የያዙትም ድጅኖ ነው። ስሕተቱ የመጣው ካዩት ደቂቃ በፊት የነበረውንና ያላዩትን ደቂቃ ካዩት ጋር በማያያዛቸው ነው። ይህንንም ያደረጉት በክፋት አይደለም። የሰው አእምሮ ክፍት የቀረ ቦታ ሲያገኝ ዝም ብሎ አይተወውም፤ ይሞላዋል።

ያገኘሁትን በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ንድፉንና ልኩን አያይዤ ለባለቤቱ ሰጠሁ፤ እርሳቸውም ለጣቢያው አቀረቡት። ዘበኛው ጥፋተኛ አይደሉም ብዬ አልጻፍሁም፤ ይህን የማወቅ ሥልጣኑም ማስረጃውም አልነበረኝም። የጻፍሁት ጉድጓዱ ከየት በኩል እንደተቆፈረና ከመስኮቱ ምን ሊታይ እንደሚችል ብቻ ነው። በ11ኛው ቀን ተፈቱ። ግድግዳውም ተጠገነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ ነበር። ዘበኛው ግን ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ቢሆንም አንዴ ተጠርጥሯል» አሉኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየውን በእህል በረንዳ አካባቢ የሌላ ሰው ጭነት ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጥቻቸው ስለ ነገሩ ላነሣ ስል፣ «ጌታዬ፣ ያችን ሴትዮ አትውቀሷት፤ ያየችውን ነው የተናገረችው» አሉኝ።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ የተሰነጠቀ ምሰሶ ወይም የተናደ ግንብ ለማየት በተጠራን ቁጥር፣ ከእኛ በፊት የደረሱ ሰዎች የአንድ ግንበኛ ወይም የአንድ ሠራተኛ ስም ይዘው ይጠብቁናል። ስሙን ከመቀበላችን በፊት ሜትሩን ብናወጣ፣ ከ1785ቱ ፍቅፋቂና ከመርካቶው ልስን የተማርነውን አደረግን ማለት ነው። ሜትሩ ዘግይቶ ሲወጣ ምን እንደሚቀር እኒያ ዘበኛ ያውቃሉ፤ ሰውየው ይፈታል፣ ስሙ ግን እስረኛ ሆኖ ይቀራል።